ደረቅ ንባብ

ሰውየውን በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ደረቁ» ነው የሚሉት። ክፉ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ሻይ ይዞ ወሬ ከጀመረ ሰው ቀጠሮውን የሚያስረሳ ተጫዋች ነው። ደረቁ ያሰኘው ሥራው ነው። ተዋንያን ለፊልም ወይም ለድራማ ሊፈተኑ ሲመጡ፣ ኦዲሽን የሚሉትን ማለቴ ነው፣ እሱ ከካሜራው ጎን አንዲት ወንበር ላይ ይቀመጥና የሌላኛውን ሰው ንግግር ከወረቀት ያነብላቸዋል። ተፈታኟ ሚስት ከሆነች እሱ ባል ነው፤ ተፈታኙ ሌባ ከሆነ እሱ ፖሊስ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያልሆነው ነገር የለም። አንድ ጊዜማ ሬሳ ሆኖ ሁለት ገጽ ሙሉ ዝም ብሎ «አንብቧል»፤ ይህን ራሱ እየሳቀ ነው የሚያወራው።

የሥራው ሕግ አንድ ነው፤ ደረቅ አድርጎ ማንበብ። አታለቅስም፣ አትስቅም፣ ድምፅህን ከፍም ዝቅም አታደርግም። ለአንዱ ከሆድህ፣ ለሌላው ከአፍህ ብቻ ካነበብክ ፈተናው አድልዎ ነው። ተፈታኙ ያለውን ከራሱ ያውጣ፣ ከአንባቢው አይበደር፤ ነገሩ ይኸው ነው። «እኔ ኳስ የሚመታብኝ ግድግዳ ነኝ» ይላል። «ግድግዳ ደግሞ ለማንም አያዳላም።» ይኮራበታል፣ እውነቱን ለመናገር የሚያኮራም ነበር። ስንት ቆንጆ አልቅሳበታለች፣ ስንት ጎልማሳ ጉሮሮውን ሊያንቀው ደርሷል፤ እሱ ግን ከወረቀቱ ቀና ሳይል የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚያነብ ሰው ያነብ ነበር።

ይህን ሁሉ የምቀባጥረው ሚስቱን ላመጣላችሁ ነው።

ሚስቱ በወጣትነቷ የመድረክ ሰው ነበረች። እንዲያው ለወግ ያህል አልነበረም የምትጫወተው፤ እሷ ስትወጣ የሚያስለው ሰው ሳሉን ይውጥ ነበር ይባላል። ከስምንት ዓመት በፊት እናቷ አልጋ ላይ ወደቁ። ሌላ ልጅ የላቸውም። «ቲያትሩ ሌላ ሰው ያገኛል፣ እማዬ ግን ከእኔ ሌላ የላትም» ብላ ተወችው፣ እናቷን ስታገላብጥ፣ ስታጥብ፣ ስታጎርስ ሰባት ዓመት አለፈ። አምና እናትየዋ አረፉ። ሴትዮዋ ቀና ብላ ስታይ አርባ ሦስት ዓመት ሞልቷታል፣ የሚያውቋትም ሰዎች ተበታትነዋል፤ የቀሩት «እሷ እኮ ሞተች አይደል?» የሚሉ ናቸው።

እንዲህ ባለበት ጊዜ ነው እሱ ከሥራ ቦታ አንድ ስክሪፕት ይዞ የገባው። ተከታታይ ድራማ ነው፤ የዋናው ሰውዬ እናት ትፈለጋለች። ለእሷ ብሎ በድብቅ ያወጣው አይደለም፤ ለኦዲሽን የሚመጣ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚሰጠው አራት ገጽ ነው። እሷ ቆማ አነበበችው፣ ከዚያ ቁጭ ብላ ደገመችው፣ ከዚያ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አደረገችው።

«ይቺን ሴትዮ አውቃታለሁ» አለች።

«ተመዝገቢያ ታዲያ።»

«እመዘገባለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ይህ ካልሆነ ሌላ በር አላንኳኳም። በዚህ ዕድሜዬ ቁጥር ደረቴ ላይ ለጥፌ በየኮሪደሩ አልንከራተትም። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በቃኝ።»

ባሏ ሊያባብላት አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ያውቃታላ። ይህች ሴት አልሄድም ካለች አትሄድም፣ አልበላም ካለች አትበላም። በዚያች ቀን ገባው፤ ሚስቱ ወይ በዚህ በር ትመለሳለች፣ ወይ የቀረውን ዕድሜዋን የሰው ድራማ እያየች «እኔ ብሆን» ሳትል ዝም ብላ ትኖራለች። ያ ዝምታዋ ነው የሚያስፈራው።

ትዕይንቱ ይኸውላችሁ። ከስድስት ዓመት በፊት ሳይሰናበት የጠፋ ልጅ ተመልሶ የእናቱን በር ያንኳኳል። እናት ከውስጥ ናት። «እማዬ፣ ክፈቺልኝ» ይላል። «ማነው?» ትላለች። «እኔ ነኝ» ይላል። «እኔ የሚባል ሰው አላውቅም፤ ስም የለህም?» ትላለች። «ስሜን ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ» ይላል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ይሄዱና መጨረሻ ላይ እናትየዋ «ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን በር ቆልፌው አላውቅም። ዛሬ ነው የቆለፍኩት፤ የእግርህን ኮቴ ስሰማ» ብላ ትከፍታለች። በቃ። አራት ገጽ ነው፣ ግን ሰው ይገድላል።

ልምምዱን ጎህ ሲቀድ ጀመሩ፣ እሱ ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት፣ ማድ ቤት ውስጥ። እሷ ከውስጥ፣ እሱ ከበሩ ውጭ። በመጀመሪያው ቀን እንደ ልማዱ ደረቁን አነበበላት።

«በእናትህ ሰው ሁንልኝ» አለችው ከውስጥ። «ልጄ ነህ እንጂ የመንገድ ትራንስፖርት ሠራተኛ አይደለህም።»

ሳቁ። ከዚያ ሞከረ። በሩን በጣቱ ሁለቴ መታ አደረገና «እማዬ፣ ክፈቺልኝ» አለ። «ማነው?» አለች። «እኔ ነኝ» አለ፤ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ የደከመው፣ ያፈረ፣ የመጣበት መንገድ ሁሉ ጉሮሮው ላይ የቆመበት ሰው ድምፅ ወጣው። ራሱም ደነገጠ። ከበሩ በስተጀርባ እጇ መቀርቀሪያውን ሲይዝ ብረቱ ሲንቀጫቀጭ ሰማ። ስትመልስለት የመለሰችለት ሚስቱ አልነበረችም፤ ስድስት ዓመት የጠበቀች እናት ነበረች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? ሁለቱም በሩን ከፍተው እየተያዩ ተንሰቀሰቁ፣ ሻዩም ገንፍሎ ምድጃውን አጠፋው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ሆነ። ጠዋት ጠዋት እሱ ያንኳኳል፣ «እኔ ነኝ» ይላል፣ እሷ ከዚያች ቃል ላይ ተነሥታ ትበራለች። እሱ ደስ አለው። ሚስቱን እየረዳ መሰለው። አይ የሰው ነገር! አሥራ አንድ ዓመት የኖረበትን ሕግ በገዛ ማድ ቤቱ ረሳው። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ «ነይ ደግሞ እዚያ ክፍል ውስጥ እንደማነበው ላንብብልሽ» ቢላት ምን ነበረበት? ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው አሉ። ሁለቱም በሳቅና በእንባ መካከል ሆነው ማን ማንን ተደግፎ እንደቆመ ልብ ሳይሉ ቀሩ።

እሱ ልብ ያለው ሌላውን ነገር ነው፤ ሥነ ሥርዓቱን። በዚህማ ሊቅ ነው። ስንቱ ጎበዝ ተዋናይ በምላሱ ሲወድቅ አይቷል። ስለዚህ ሚስቱን ሳህን ስታጥብ ከኋላዋ እየቆመ ይሰብካት ነበር። ግማሽ ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ። ኮሪደር ላይ ከሰው ጋር አታውሪ፣ የሰው አነባበብም አታዳምጪ። ስትገቢ እጅ ካልዘረጉልሽ እጅ አትዘርጊ። ጉንፋን ይዞኛል፣ እንቅልፍ አላገኘሁም፣ ወረቀቱ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ ብሎ ነገር የለም፤ ምክንያት የሚደረድር ሰው ገና ሳይጀምር ጨርሷል። ብትሳሳቺም አትቁሚ፣ ይቅርታም አትበዪ። ሲያልቅ «ልድገመው?» እንዳትያቸው። «እንዴት ነበርኩ?» ብለሽ ዓይን ዓይናቸውንም እንዳታዪ። አመሰግናለሁ ብለሽ፣ በሩን ቀስ አድርገሽ ዘግተሽ ውጪ።

«ሰርግ ነው ወይስ ፍርድ ቤት?» ትላለች እሷ አረፋውን እያራገፈች።

«ሁለቱም ነው» ይላል።

በዋዜማው ወደ ዳይሬክተሯ ገባ። ዳይሬክተሯ ስድሳውን የዘለሉ፣ ነገር የማያበዙ ሴት ናቸው፤ ትልቁም ትንሹም «እትዬ» ነው የሚላቸው።

«እትዬ፣ ነገ ከሚመጡት ሰባተኛዋ ባለቤቴ ናት። ለእሷ ሌላ አንባቢ ቢቀመጥ ይሻላል ብዬ ነው።»

እትዬ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉት። «ሌላ አንባቢ ከየት ላምጣ? መዝጋቢዋን ላስቀምጥ? እሷ ‹ማጨስ ክልክል ነው› የሚለውን ስታነብ እንኳ ትተውናለች።»

«አይ፣ እኔ ለሕጉ ብዬ ነው...»

«ስለነገርከኝ ደግ አደረግህ። አንተን ግን እኔ አውቅሃለሁ። ደረቁ ማለት ደረቁ ነው። ለሁሉም እንደምታነበው አንብብላት። አንዲት ቃል ከፍ ካደረግህላት ጆሮዬ አይስተውም፤ እሷንም አንተንም በዚያው አሰናብታለሁ። ተግባባን?»

«ተግባባን እትዬ።»

ከቢሮው ሲወጣ ነው ነገሩ የገባው፤ ደረጃው ላይ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ። ክው ብሎ ቆመ። ነገ እዚያ ክፍል ውስጥ «እኔ ነኝ» የሚለው ደረቁ ነው፤ የማድ ቤቱ ልጅ አይደለም። እንደ ምንም ሮጦ ቤት ደረሰና ነገራት። እሷ ቀሚሷን እየተኮሰች ነበር።

«ነገ ደረቅ አድርጌ ነው የማነብልሽ። ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ እንጂ፤ ሥራህ አይደል?» አለች።

«ዛሬ አንድ ጊዜ እንደዚያ አድርገን ብንሞክረውስ?»

እጅጌውን ገልብጣ ተኮሰች። «ተወኝ እስቲ። አሁን ከነካካሁት ይበላሽብኛል። ውስጤ ገብቷል፣ እዚያው ይደር።» እሱም ተወ። ምን ያድርግ? ተዋናይን በዋዜማው የሚነዘንዝ ሰው ጤናው ይጠየቃል።

በማግስቱ ሃያ ሴቶች መጡ። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበሩ ሞልቶ የተረፉት ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። መዝጋቢዋ ቁጥር ለጠፈችላቸውና ውጤቱ ዛሬውኑ ስለሚነገር ማንም ፈተናውን ስለጨረሰ እንዳይሄድ፣ ሃያውም እስኪያልቁ እንዲጠብቁ ነገረቻቸው። እሱ ከውስጥ ወንበሩ ላይ ሆኖ ስድስቱን አስተናገደ። አንደኛዋ ገና ሳትጀምር ስለ ጉንፋኗ አወራች። ሦስተኛዋ ሁለት ጊዜ አቁማ ይቅርታ ጠየቀች። አምስተኛዋ ለእትዬ የአበባ እቅፍ ይዛላቸው መጥታ እትዬ አበባውን የት እንደሚያስቀምጡት ጨነቃቸው። ለሁሉም «እማዬ፣ ክፈቺልኝ» አለ፤ ለሁሉም «እኔ ነኝ» አለ፣ እንደ አውቶቡስ ሰዓት።

«ሰባት» አለች መዝጋቢዋ።

ሚስቱ ገባች። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች። እጅ አልዘረጋችም። ስሟንና ቁጥሯን ተናገረች፣ ወለሉ ላይ ለተፈታኝ መቆሚያ ፕላስተር የተለጠፈባት ቦታ ላይ ሄዳ ቆመች፣ አንዲትም ትርፍ ቃል አላወጣች። እትዬ ደስ ሲላቸው እስክሪብቷቸውን ያስቀምጣሉ፤ አስቀመጡ። እሱ ወረቀቱን ያው በአንድ እጁ እንደያዘ ነው።

«ጀምሩ» አሉ እትዬ።

«እማዬ፣ ክፈቺልኝ» አለ።

«ማነው?» አለች። አባባሏ ጥሩ ነው። እዚህ ድረስ እናትየዋ አለች።

«እኔ ነኝ» አለ።

ደረቅ። ፊደሉ ብቻ። ሚስቱ በጨለማ ደረጃ ሲወርድ አንድ እርከን እንደጎደለበት ሰው ሆነች። እግሯን የምታሳርፍበት አጣች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከዚያች ቃል ላይ ነበር የምትነሣው፤ ቃሏ አለች፣ ውስጧ ግን ማንም የለም። ሳታስበው ዓይኗን ወደ እሱ አዞረች። እሱም ዓይኗን በግንባሩ አየው እንጂ ቀና አላለም፤ ቀና ካለ አለቀ።

«እኔ የሚባል ሰው አላውቅም» አለች። ድምፅዋ የሚያምር ባዶ ነበር። «ስም የለህም?»

አንዲት ቃል፣ አለ በሆዱ። አንዲት ቃል ትንሽ ዝቅ ባደርግላት፣ ትንሽ ትንፋሽ ባስገባባት፣ ትነሣለች። እኔ አውቃታለሁ፤ ክብሪት ብቻ ነው የምትፈልገው። እትዬ ግን ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ጆሯቸውን ቀስረው ተቀምጠዋል፣ አንዲት ቃል ካሉ አንዲት ቃል ነው። ከእሷ በፊት ስድስት ሴቶች ደረቁን ተቀብለው ወጥተዋል፣ ከኋላዋ አሥራ ሦስት አሉ። ከፍ ቢያደርግላት ያባርሯታል፤ ባያደርግላት ትወድቃለች። ወዴት ይሂድ?

«ስሜን ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ» አለ። እንደ አውቶቡስ ሰዓት።

ገጾቹ አለቁ። አልተሳሳተችም፤ አንድ ቃል አልዘለለችም፣ አላቆመችም፣ ይቅርታም አላለች። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ የሰው ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ይመስል ጥርት አድርጋ ጨረሰች። እትዬ እስክሪብቷቸውን አንሥተው አንድ መስመር ጻፉ። እሷ አንድ አፍታ ቆመች። እዚያች አፍታ ውስጥ ከንፈሯ ሊላቀቅ ሲል አየ፤ አሁን ልትላቸው ነው፣ ልድገመው ልትላቸው ነው ብሎ ልቡ ተሰቀለ። እሷ ግን ከንፈሯን ገጠመች።

«አመሰግናለሁ» አለች። በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች።

«ሥነ ሥርዓቷ ግን» አሉ እትዬ ለራሳቸው። «በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው አይገኝም።»

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ይህን ነው። ሰውየው ሽንት ቤት እሄዳለሁ ብሎ እንኳ ለመውጣት አልቻለም፤ ስምንተኛዋ ገብታለች። ረጅም፣ ሰውነቷ የደነደነ ሴት ናት፤ ሲያያት ለማንም ክፉ የምታስብ አትመስልም። ክፍሉ ታፍኖ ነበርና እትዬ «ኧረ በሩን ገርበብ አድርጊው፣ ልንሞት ነው» አሏት። ሴትየዋ ከፈት አደረገችውና ፕላስተሩ ላይ ቆመች።

ደረቁ ወረቀቱን አንሥቶ ከበላዩ አሻግሮ ሲያይ በተገረበበው በር በኩል ኮሪደሩ ታየው። ከአግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ የአንድ ሰው እግር ይታያል። ጫማው የሚስቱ ነው። ቁርጭምጭሚቷን ከቁርጭምጭሚቷ ላይ አነባብራ፣ ሰው እንዳያስቸግር ወደ ውስጥ ሰብስባ አስቀምጣዋለች። ትምህርት ቤት የተቀጣች ልጅ እንዲህ ነው የምትቀመጠው።

«ጀምሩ» አሉ እትዬ።

«እማዬ፣ ክፈቺልኝ» አለ። ዓይኑ እዚያች ጫማ ላይ ነው።

«ማነው?» አለች ረጅሟ ሴት።

«እኔ ነኝ» አለ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ወጣበት። የማድ ቤቱ ድምፅ፣ ያው የደከመው፣ ያው ያፈረው፣ የዛሬው ግን ከማድ ቤቱም የባሰ፣ ምክንያቱም ዛሬ ልምምድ አይደለም። ለሚስቱ ነው ያለው። በበሩ አሳልፎ ለዚያች ጫማ ነው ያለው። ይቅር በይኝ ማለቱ ነበር። ረጅሟ ሴት ግን መሃል ላይ ቆማለችና ድምፁ ያረፈው እሷ ላይ ነው። አየር የሳበች መሰለች። ትከሻዋ ወረደ፣ ዓይኗ ሞላ፣ እጇን በሌለው መቀርቀሪያ ላይ ዘረጋች።

«እኔ የሚባል ሰው አላውቅም» አለች፤ ካሜራማኑ ቀና አለ።

ሊመልሰው ፈለገ። ድምፁን ሊያደርቅ፣ ወደ ወረቀቱ ሊመለስ ታገለ። እንቢ አለው። በሞላ ጎርፍ ላይ በር አይዘጋም፤ ከጠዋት ጀምሮ የተገደበው ሁሉ መጣ፣ በየቃሉ ሚስቱን እየጠራ እስከ መጨረሻው ገጽ አነበበ፣ በየቃሉ ረጅሟ ሴት አቤት አለችው። ስትጨርስ እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ነበር።

ለቀሩት ለአሥራ ሁለቱ እንዴት እንዳነበበ አያስታውስም። ደረቁን ይሆናል።

ሃያኛዋ ስትወጣ እትዬ ወረቀታቸውን ሰብስበው «ስምንት ናት» አሉ። «ሌላውን ማየትም አያስፈልግም።»

እሱ ተነሣ። ከዚያ ወንበር ሰው ሳያሰናብተው የተነሣው ያን ቀን ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ለስምንተኛዋ ደረቁን አይደለም ያነበብኩት።»

«ጆሮ አለኝ እኮ።»

«ታዲያ ልክ አይደለማ። ለሌሎቹ እንደዚያ አላነበብኩላቸውም።»

እትዬ ፈገግ አሉ፣ በደግነት ነው ፈገግ ያሉት፤ ያ ነው የባሰው። «ልጄ፣ አሥራ አንድ ዓመት አይቼሃለሁ። ስንቱ ሲያለቅስብህ ዓይንህን አላርገበገብክም። ዛሬ ይቺ ሴትዮ አፏን ስትከፍት አንተን ድንጋዩን አስለቀሰችህ። የመረጥኳት ለምን ይመስልሃል? አንተን ያናወጠ ሰው አገር ያናውጣል።»

«እሷ አይደለችም እትዬ። እኔ ነኝ የጀመርኩት። ባለቤቴን አይቼ ነው። በበሩ በኩል እግሯን...»

«እግሯን?»

ቃሉ አፉ ውስጥ እያለ ምን እንደሚመስል ተሰማው። ቢሆንም ቀጠለ፤ ስለ ማድ ቤቱ፣ ስለ ሁለቱ ሳምንት፣ ስለዚያች ቃል ሁሉንም ነገራቸው። «አንድ ጊዜ ያስደግሟት» አለ። «አንድ ጊዜ ብቻ። እንደ ስምንተኛዋ ላንብብላት።»

እትዬ ወረቀቱን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። «እሷ ራሷ እዚያ ቆማ ልድገመው ብትለኝ ኖሮ አስደግማት ነበር። ሰው ሊደነግጥ ይችላል፤ እኔ ሰው አልበላም። ስንቷን አስደግሜ አውቃለሁ። አልጠየቀችም። አሁን የሚጠይቀኝ ባሏ ነው። ባል ጠይቆ ሚስት ከደገመች እዚያ በር ላይ ያሉት አሥራ ዘጠኙ ምን ይሉኛል? ትናንት ራስህ መጥተህ ባለቤቴ ናት ያልከኝ ለዚህ አልነበረም?»

ለዚህ ነበር። እትዬ ትከሻውን መታ መታ አድርገውት አለፉ።

ኮሪደሩ ላይ መዝጋቢዋ ቁጥር ስምንትን ስትጠራ ሴቶቹ ቦርሳቸውን ማንሣት ጀመሩ። ሚስቱ ሄዳ ረጅሟን ሴት አቀፈቻት፣ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ይገባሻል» አለቻት። ረጅሟ ሴት አልቅሳ «ያ ሰውዬ ግን፣ ያ የሚያነበው፣ እግዚአብሔር ይስጠው» አለቻት፤ ማን መሆኗን ከየት ታውቅ? ሚስቱ «አሜን» አለች።

አብረው ወጡ። ፀሐዩ ገና አልበረደም። የመንገዱን ጥግ ይዘው ሦስት የአውቶቡስ ፌርማታ ያህል ሄዱ። እሱ ሁለት ጊዜ ሊጀምር ሞከረ፣ ሁለቴም ተወው። ብትሰድበኝ፣ ብትጮህብኝ ብሎ ተመኘ። እሷ ቦርሳዋን በሌላው ትከሻዋ አዞረች።

«ለእኔ ነበር አይደል?» አለች።

«ምኑ?»

«ለስምንተኛዋ ያነበብከው።»

«ለአንቺ ነበር።»

«አወቅኩ» አለች። ጥቂት እርምጃ ሄደች። «ድምፅህን እንደ ሰማሁ አወቅኩ። መጀመሪያ ጆሮዬን ልይዝ ነበር፤ የሰው አነባበብ አታዳምጪ ብለኸኛል። ግን እየጠራኸኝ እንዴት ብዬ?»

እሱ ቆመ። እሷም ቆመች፤ አልተቆጣችም፣ ፊቷም አልተለወጠም፣ የምታወራው የገበያ ነገር ይመስል ነበር።

«መለስኩልህ» አለች። «አግዳሚው ላይ ሆኜ፣ እጄን አፌ ላይ አድርጌ። ከአጠገቤ ያለችው ሴትዮ የምጸልይ መስሏት ራቅ አለችልኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መለስኩልህ። እንደዚያ አድርጌው አላውቅም፤ ቤትም ቢሆን፣ ድሮ መድረክ ላይም ቢሆን እንደዚያ ሠርቼ አላውቅም።»

አውቶቡስ መጥቶ ቆመ፣ ሰው አወረደ፣ ሄደ። እሱ እጇን ያዘው። የሚላት ነገር ፈለገ፣ የሚያውቀው ሁሉ የሌላ ሰው ንግግር ሆነበት።

«ማንም አላየኝም» አለች፣ እጇን ሳታስለቅቀው መንገዷን ቀጠለች።